ያ የሃይላንድ ውሃ የት ደረሰ?

አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ ለስጦታ፤

የጌታ ሰላም አንቺ ባለሽበት በረሃ ይብዛልሽ። እኔና አሳዳጊሽ አስካል ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት ላይ ያማርረኛል፤ ጆሮዬም ስልክ አልቀበልም ካለ ዓመት አለፈው። ስለዚህ በለመድሁት በወረቀት እጽፋለሁ፤ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ጽጌወይን በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፣ የአንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። ሳታነብ ትሰጠኛለች ብዬ አልዋሽሽም። ባለፈው ጉንፋን ይዞኛል ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ እጄ ሳይገባ፣ የጸሎት ቡድኑ ጾም ይዞልሽ ነበር።

ሰዎች ሥራሽን ይጠይቁኛል። ከካዚኖው ሥራ ወጥታ ለመንግሥት ዓሣ ትቆጥራለች እላቸዋለሁ። «ቆጥራ ምን ታደርገዋለች?» ይላሉ። አታወጣውም፣ እዚያው ውሃ ውስጥ እያለ ነው የምትቆጥረው ስላቸው ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ስሠራ ዕድሜዬን ሙሉ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ በኩንታል አስመዝኛለሁ፤ ውሃ ውስጥ ስንት ቀረ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ፍራኦል «የቢታንያን ጥምቀት ለፋሲካ አስበናል፣ አባባ መጥተው እርስዎ ያጥምቋት» ብሎ ጽፎልኛል። የልጅ ልጄን በገዛ እጄ ማጥመቅ ከጌታ የለመንሁት የመጨረሻ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ተሰጥቶኛል። ቦታውንም መርጧል፦ አንቺ ዓሣ የምትቆጥሪበትን ምንጭ። አንድ ጊዜ ወስደሽ አሳይተሽው ኖሮ «እንደ መስተዋት ነው፣ በብርድ ጊዜም ለብ ያለ ነው» ይላል። የአጥሩ በር ቁልፍ አንቺ ዘንድ ነውና አደራሽን። እኔ ለቪዛው እጣደፋለሁ።

አጎትሽ ተረፈ


ላስ ቬጋስ፣ ኖቬምበር 17፣ 2024

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ተረፈ፤

ሰላምታዬ ከነአክብሮቱ ይድረስዎ። ለእትዬ አስካልም፣ ከሁላችን ቀድማ ለምታነበው ለጽጌወይንም እንዲሁ።

እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጥምቀቱ የሰማሁት ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። ፍራኦልን በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን አገኘዋለሁ፤ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ኮረብታው ሰፈር ስለገዛው ቤት አውርቶኛል፣ ይህን ግን አላነሳውም።

ስለ ሥራዬ ለሚጠይቁዎት ሰዎች እንዲህ ይበሏቸው። ምንጩ ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይጀምራል፤ ዛፍ የለም። ስሙን እንዳናሰራጭ ስለተነገረን አልጽፈውም። በአለት መካከል የእናንተን ሳሎን የሚያክል ኩሬ አለ፤ ውሃው ከሥር ለብ ብሎ ይወጣል። በአንዱ ጠርዝ በኩል ውሃው ከቁርጭምጭሚት የማያልፍበት፣ እንደ መደብ ያለ አለት አለ። ሌላው ሁሉ ገደል ነው፣ መጨረሻውን ማንም አላየውም።

ዓሦቹ የሚበሉትም እንቁላል የሚጥሉትም በዚያ መደብ ላይ ነው። ትልቁ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ወንዱ ሰማያዊ ነው፣ ሴቷ የአሸዋ መልክ አላት። በዓለም ላይ ያሉት እዚያ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሌላ ወንዝ ወይም ሌላ ሐይቅ የላቸውም። በዓመት ሁለት ጊዜ እኔና አለቃዬ ሮቢ ከውሃው በላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ በደረታችን ተኝተን እንቆጥራቸዋለን። እርሱ የቆጠረውንና እኔ የቆጠርሁትን እስክንጨርስ አንነጋገርም። ስንጨርስ ቁጥራችን ከተራራቀ ሁለታችንም ተሳስተናል ማለት ነው፣ እንደገና እንጀምራለን። ከካዚኖው ይልቅ ሥራው ይስማማኛል፤ የሚጮህ ሰው የለም፣ የሚሸነፍም የለም።

ቢታንያ በጣም አድጋለች። ስለ ቁልፉ ሮቢን ሳላነጋግር ምንም ልልዎ አልችልም።

ስጦታ


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስጦታ፤

ጤናሽ ይብዛ፣ እጅሽም ይባረክ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ አስካልም አስነብባኛለች፣ ጎረቤትም ሰምቷል።

ገጽ ሙሉ ስለ ዓሣ ጻፍሽ፤ ስለ ልጅቷ አንድ መስመር። እምቢ ማለት እንደከበደሽ ገብቶኛል። እምቢታን በሰው ትከሻ ማሸከምን ግን እኔ አላስተማርሁሽም። እምቢ ካልሽ እምቢ በይ፤ ካልሆነም እሺ በይና ልቤን አሳርፊው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርሽ። እኔ የተጠመቅሁት ከአርባዎቹ ምንጮች በአንዱ ነው፣ ዛሬ የፓምፕ ቤቱ አጥር ውስጥ በገባው። ከዚያ ወዲህ ሰው ባጠመቅሁበት ሁሉ፣ በኩልፎ ወንዝም በጫሞ ሐይቅ ዳርም፣ አስቀድሜ ከእነዚያ ምንጮች የቀዳሁትን ውሃ አፈስሳለሁ። መጽሐፍ አላዘዘኝም፤ ልማዴ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ይህ ከየት የመጣ ሥርዓት ነው ብለው ገሥጸውኛል። ውሃ ከውሃ ሲገናኝ ሰውም ከሰው ይገናኛል ብዬ ነው የማደርገው፣ አልተውሁትም።

ቢታንያ አርባ ምንጭን አይታ አታውቅም። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዤላት እመጣለሁ፤ ጉባኤው በመዝሙር ሊቀዳልኝ ቀጠሮ ይዟል። የአንቺ ምንጭና የእኛ ምንጭ አንድ ላይ ሆነው ልጅቷ ትገባበታለች። ይህን ሳስብ ሌሊቱ ያጥርልኛል። እንግዲህ መልስሽን እጠብቃለሁ።

አጎትሽ ተረፈ


ላስ ቬጋስ፣ ዲሴምበር 22፣ 2024

ለማከብርዎ ጋሽ ተረፈ፤

ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ተቆጥተውኛል፤ ልክ ነዎት፤ እምቢታው የእኔ ነው። ሮቢን እንኳ አልጠየቅሁትም። በሩን አልከፍትም።

ምክንያቱን በሙሉ ልንገርዎ። አጥማቂ ሊቆምበት የሚችል አንድ ቦታ ብቻ አለ፣ እርሱም መደቡ ነው። ፋሲካ ደግሞ እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው። እኛ እንኳ እግራችንን አሳርፈንበት አናውቅም። ሁለተኛ፣ የመዘምራኑ እናቶች የጥምቀቱን ቀሚሶች በበረኪና ነው የሚያጥቡት፤ ነጭ ካልሆነ አይወዱም። ልጆቹ ቅባት ተቀብተው ነው የሚመጡት፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። በትልቅ ወንዝ ይህ ምንም አይደለም። ሳሎን በሚያክል ውሃ ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው ሃይላንዱ ነው። እባክዎ ውሃውን ይዘው አይምጡ። ከዚህ ምንጭ ብዙም በማይርቅ ሌላ ኩሬ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ሲለቅ በመስተዋት ሣጥን ያሳድጋቸው የነበሩትን ዓሦች ለቀቃቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አዝኖላቸው ነው። እንግዶቹ የባለቤቶቹን እንቁላል በሉ፤ ዛሬ በዚያ ኩሬ የሚቆጠር የለም። በጠርሙስ ውሃም የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ ዓይን የማያየውም በሽታ ይገባል። እኔ ራሴ ቦቲ ጫማዬን በመድኃኒት ሳላጥብ ወደ አጥሩ አልገባም።

ፍራኦል ከአገልግሎት በኋላ ፓርኪንግ ላይ ጠበቀኝ። «ስጡ፣ በሩን ብቻ ኦፕን አድርጊልን። ሠላሳ ደቂቃ ነው፣ ማን ቼክ ያደርጋል?» አለኝ። «እኔ ቼክ አደርጋለሁ» አልሁት። ከዚያ ወዲህ በእጅ ብቻ ነው ሰላም የሚለኝ። ችግሩ ይገባኛል፤ እስካሁን የምናጠምቅበት የአፓርትመንት መዋኛ ሥራ አስኪያጅ ከባለፈው ዝማሬ በኋላ ከልክሎናል። ከቦልደር ሲቲ በታች ያለው ትልቁ ሐይቅ ግን ለሁሉም ይበቃል፣ ሰውም አይከለክልም። እዚያ ይሁን።

የልመናዎ የመጨረሻ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። እኔን አሳድገው እዚህ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት። ይህን እየጻፍሁ እጄ ደስ አላለውም።

ስጦታ


አርባ ምንጭ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስጦታ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሳልጽፍ ከረምሁ፤ ቪዛው ላይ ነበርሁ። ተሰጥቶኛል፣ በሚያዝያ እመጣለሁ። ፍራኦልም ሐይቁ ይሁን ብሏል።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፦ ምንጩን አሳዪኝ። ከቅዳሜ በአንዱ ውሰጂኝ። ማየት ብቻ ነው።

ተረፈ

ስጡዬ፣ እኔ ጽጌወይን ነኝ። ሁላችንም ጸልየንበት ሃይላንዱን ሞልተናል። ሲያፈስሱ ፎቶ አንሺልን፣ ለጉባኤው በትልቁ አትመዋለሁ። ጋሽ ተረፈ ይህን መጻፌን አያውቁም።


ላስ ቬጋስ፣ ሜይ 11፣ 2025

ለማከብርዎ ጋሽ ተረፈ፤

በሰላም ገብተው እትዬ አስካልን በጤና እንዳገኟት ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ ቤቱ ጭር ብሏል። ቢታንያ የሰጧትን ነጠላ ትምህርት ቤት ለብሳው ሄዳ ነበር።

ምንጩን ላሳይዎ የሄድንበትን ያን ቅዳሜ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ቦቲውን አጥቤ ሳጠልቅልዎ «ለእግዚአብሔር ቤትም እንዲህ አልታጠብሁ» ብለው አሳቁኝ። ሳንቃው አጠገብ አቁሜዎት፣ ፀሐይዋ በራስዎ ላይ ስትበረታ ባርኔጣዎን ከመኪና ላመጣ ሄድሁ። ስመለስ እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። «ቆንጆ ነው» አሉ። ከተማ እስክንገባ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ደክሞዎት ነው ብዬ ተውሁት።

በማግስቱ ሐይቁ ላይ ልማድዎን ሲያደርጉ ለማየት ጠብቄ ነበር። ምንም ሳያፈስሱ ቀጥታ ገቡ። ቢታንያ «አያቴ፣ በጣም ኮልድ ነው፣ ፋስት አድርገው!» ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም ስቀው አጠመቋት። ፍራኦል ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔም አለቀስሁ።

ትናንት መኪናዬን ሳጸዳ ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ሃይላንድ አገኘሁ፣ የአገር ቤት ነው። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ባዶ ነው።

ጽጌወይን ፎቶ ጠይቃኝ ነበር፣ አላነሳሁላትም። የት ላይ ማንሳት እንደነበረብኝ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ስጦታ


አርባ ምንጭ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለስጦታ፤

የሰላም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። በሰላም ገብቻለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጆሮዬ ጭራሽ ተደፍኖ ነበር፣ አሁን ደህና ነው። ላደረግሽልኝ ሁሉ ጌታ ብድርሽን ይክፈልሽ። የመኪናሽን ንጽሕና ለሁሉም አውርቻለሁ።

ጉባኤው በደስታ ተቀበለኝ። የአርባ ምንጭ ውሃ አሜሪካ ምንጭ ውስጥ ገባ ተብሎ መዝሙር ተዘምሯል፤ ምስጋናም ቀርቧል። ስለዚህ ፎቶ አያስፈልግም። የሆነው ሁሉ በመልካም ሆኗል፤ አንቺም ልብሽ ይረፍ።

አስካል ለጉልበቴ ያመጣሁትን ቅባት ለራሷ ወስዳዋለች። ክረምቱ ቶሎ የሚገባ ይመስላል።

አጎትሽ ተረፈ


ላስ ቬጋስ፣ ጁን 10፣ 2025

ጋሽ ተረፈ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ በቅጡ ሰላምታ ለማቅረብ ጊዜ ባለመኖሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽጌወይን፣ አንቺም ይቅር በይኝ፤ ይህን ሌላ መላኪያ የለኝም።

ፊት ለፊት መጠየቅ ነበረብኝ። ሻንጣዎን ስናወርድ ሃይላንዱን በፎጣ ተጠቅልሎ አይቼዋለሁ። ሽማግሌ ዕቃው አይፈተሽም ብዬ ዝም አልሁ። አሁን እጠይቃለሁ፦ ውሃውን ምንጩ ውስጥ አፍስሰውታል?

አፍስሰውት ከሆነ አልቆጣም። ግን በየቀኑ የሚለወጥ ነገር አለ። የገባ ነገር ካለ ሳይራባ ነው መያዝ የሚቻለው። ለሮቢ መንገር አለብኝ፤ መጀመሪያ ግን ከእርስዎ አፍ ልስማ። በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ አልችልም።

ስጦታ


አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዋለልኝ እጅ የሚደርስ

ለልጄ ለስጦታ፤

ይህ ደብዳቤ በጽጌወይን በኩል አልመጣም። የጎረቤታችን ልጅ ዋለልኝ ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው፤ እንደደረሰ በፖስታ ይልክልሻል። ሁለት ሳምንትሽ አልፏል፣ አውቃለሁ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ የለ፤ ያቺን ጥያቄሽን ጽጌወይን አጣጥፋ፣ ፊቴን ሳታይ ነው የሰጠችኝ። እስከ ማታ መዘምራኑ ሰምተዋል። ወንድሞችም «የልጅቱን እንጀራ ልታሳጣት ነው እንዴ?» ይሉኝ ጀመር። ተቆጣሁ። እንደ ፖሊስ ጠየቀችኝ ብዬ ብዕር አላነሣም ብዬ ነበር።

እንግዲህ እውነቱን ስሚ። ሄድሽ እንጂ ብትቆዪ ታዪኝ ነበር። ባርኔጣ ልታመጪ እንደሄድሽ ሃይላንዱን ከኮቴ ኪስ ውስጥ አወጣሁ። ክዳኑን ከፈትሁ። ላፈስስ ነበር የመጣሁት፤ አልክድሽም። ጎንበስ ስል ጥላዬ በመደቡ ላይ ወደቀ። አንዱ ሰማያዊ ወደ ጥላው ገባ፣ ሌላም ተከተለው፤ ሙቀቱን ሸሽተው መሰለኝ። ሌሎቹን ለማየት ቀና ብል ማዶው እዚያ ነው። ጠርዙ እዚህ፣ ማለቂያው እዚያ፣ ጥቂት እርምጃ። ዕድሜዬን ሙሉ ጫሞ ላይ ኖሬ የዓሣን አገር ከዳር እስከ ዳር አይቼ አላውቅም ነበር። ያንን አየሁት። ሁሉም ነገራቸው ያ ነው። ደነገጥሁ፣ ልጄ።

ጉባኤው የዘመረበትን ውሃ አሸዋ ላይ መድፋት አልሆነልኝም። ስለዚህ ጠጣሁት። ቆሜ፣ እስከ መጨረሻው። ሻንጣ ሻንጣ ይላል፣ ለብ ብሏል፣ ስቅ አስባለኝ። አንቺ ስትመለሽ ስቅታዬን ይዤ ነው እጄን ያጣመርሁት። ለዚያ ነው መንገዱን ሙሉ ዝም ያልሁት።

ስመለስ ጉባኤው ቆሞ ጠበቀኝ። አፌን ሳልከፍት እልል አሉ፣ ዘመሩ። ይህ ሁሉ ሰው ዘምሮ የቀዳውን ውሃ ጠጣሁት ማለት አቃተኝ፤ ተቀመጥሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሰኔውንም ደብዳቤ የጻፍሁት ጽጌወይን ታነበዋለች ብዬ ነው።

እውነቱ ይኸው ነው። ካመንሽኝ ጌታ ይስጥሽ፤ ካላመንሽኝም አልፈርድብሽም።

ተረፈ


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 5፣ 2025

ለማከብርዎ ጋሽ ተረፈ፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የዕረፍት ይሁንልዎ። ዋለልኝ ደብዳቤውን ቤት እስኪያገኝ ሻንጣው ውስጥ ረስቶት ኖሯል፤ ከላይ ይቅርታ ጽፎበት ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ።

አምንዎታለሁ። ስቅታውን አስታውሳለሁ፤ ከፀሐዩ ነው ብዬ ነበር።

ግን ሁለቱ ሳምንት ሲያልፍ ለሮቢ ነግሬዋለሁ። የሰኔውን ደብዳቤም ተርጉሜ አነበብሁለት። «ውሃው ገባ ተብሎ ተዘምሯል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። በማግስቱ መረብና የናሙና ጠርሙስ ይዘው ሄዱ። እስካሁን ምንም አላገኙም፤ ለሁለት ዓመት ግን እየፈለጉ ይቆያሉ። የእርስዎን ቃል ስነግረው «አምናቸዋለሁ» አለ፤ መረቡን ግን አላነሳም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ያልፈሰሰውም አንዴ ከተዘመረለት በኋላ አይታፈስም።

እኔን ከምንጩ አንስተውኛል። በውሃው ምክንያት አይደለም። እንግዳ ብቻውን ውሃው ዳር ትቼ ባርኔጣ ለማምጣት በመሄዴ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፣ አዲስ ለሚመጡት የማስተምረው እኔ ነበርሁ። አሁን ከቦልደር ሲቲ ወዲያ በመንገዱ አጥር ሥር የበረሃ ኤሊ እቆጥራለሁ። ኤሊ ለመቁጠር አይቸግርም፣ አይሸሽም። ሌላም ቦታ አለው። ለዚህ ይሆናል እንደዚያኛው ሆዴ የማይባባለት።

ተናድጄብዎታለሁ፤ አልደብቅዎትም። ቃሉን በሰኔ ቢልኩልኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። እኔም በሚያዝያ ብጠይቅዎት ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። በአንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ያም ሆኖ እንደገና ቢሆን ለሮቢ እነግረው ነበር። ፍራኦል ሲሰማ ቤቴ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አብረን እራት በላን። «ኦል ዊክ ሺፍት ላይ ነሽ፣ ቢታንያን ኤሊዎቹን አሳዪያት» አለኝ። አሳያታለሁ።

የዓመቱ ሁለተኛው ቆጠራ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። በእኔ ቦታ ሳንቃው ላይ የሚተኛ ሌላ ሰው ነው።

ስጦታ


አርባ ምንጭ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለስጦታ፤

ሰላምና ጸጋ ይብዛልሽ። ይህን በጽጌወይን በኩል ልኬዋለሁ፣ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም።

እሑድ ከስብከቱ በኋላ ተነሣሁና «ውሃውን ጠጥቼዋለሁ» አልሁ። ከመዘምራኑ አንዷ ፍልቅ ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። አስካል ብቻ አልሳቀችም፤ ቤት ስንገባ «ስንት ቀን የሰነበተ ውሃ ነው የጠጣኸው?» አለችኝ። ሳቁ ሲበርድ ለምን እንደጠጣሁት ነገርኋቸው። ማዶው እዚያ ነው አልሁ፣ በእጄ ከመድረኩ እስከ በሩ አሳየኋቸው። ልጄ ቦታዋን ያጣችው በእኔ አፍ መዘጋት ነውም አልሁ። ይህን ስል ማንም አልሳቀም።

ጽጌወይን እጇን አወጣች። «ታዲያ አሁን ስንት ናቸው?» አለች። አላውቅም አልሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ጉባኤው ጸለየ። ለዓሣ ስንጸልይ የመጀመሪያችን ነው፤ አንዳንዱ በምን ቃል እንደሚጸልይ ግራ ገብቶት ነበር።

አንቺ እዚያ እንደሌለሽ አውቃለሁ። ግን ከሰማሽ ጻፊልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም። ጽጌወይን በየጠዋቱ ሱቋ በር ላይ ቆማ «መጣ ወይ?» ትለኛለች፣ እርሷ ዘንድ እንጂ እኔ ዘንድ እንደማይመጣ ረስታው።

አጎትሽ ተረፈ


ላስ ቬጋስ፣ ኖቬምበር 2፣ 2025

ለማከብርዎ ጋሽ ተረፈ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎም፣ ለእትዬ አስካልም፣ ለጉባኤውም ይድረስ።

ትናንት አጥሩ ሥር ሳለሁ ሮቢ ደወለልኝ። ሊደውልልኝ ግዴታ የለበትም። ቆጥረው መውጣታቸው ነበር፣ ከኋላው የመኪናው በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ እንደቆጠሩና ሁለቱም ጊዜ ቁጥራቸው እንደተቀራረበ ነገረኝ። ቁጥሩን ራሱን በይፋ እስኪወጣ አልጽፈውም፤ ደንብ ነው፣ አሁን ደንብ አክባሪ ሆኛለሁ።

ቀሪውን ከእርስዎ በፊት ይህን ለምታነበው ልተውላት። ጽጌወይን፣ ሱቁን ዝጊና ሩጪ፣ ንገሪያቸው፦ አልቀነሱም።

ስጦታ